የትራክተርና የስፖርት መኪና ሞተር፦ ዕቃቸው ይዋዋሳል ወይ ላልከው

ወንድማችን፣ «ትሪያምፍ ቲአር የሚባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የትራክተር ሞተር ነው የተገጠመለት ይባላል፤ እውነት ነው? ዕቃስ ይዋዋሳሉ?» ብለሃል። ዝምድናው እውነት ነው፣ ወሬው ግን ተገልብጦ ነው የደረሰህ። ሞተሩ ስታንዳርድ የተባለው የኮቨንትሪ (እንግሊዝ) መኪና ኩባንያ ሥራ ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለቫንጋርድ የቤት መኪናውም፣ ባነር ሌን ፋብሪካው ለሚያመርተው ፈርጉሰን ቲኢ20 ትራክተርም አዋለው። ትሪያምፍ ቲአር2 የመጣው ኋላ፣ በ1953 ነው።

ምስጢሩ ካሚቻው (ፒስቶኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር እጅጌ) ላይ ነው። ውሃ በቀጥታ የሚነካው ተነቃይ ካሚቻ ስለሆነ ሞኖብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ሳይቦረቡሩ ስፋቱን መቀያየር ይቻላል። ትራክተሩ መጀመሪያ 80፣ ቀጥሎ 85 ሚሊሜትር፤ ቲአር2 83፣ ቲአር4 86። የፒስቶኑ ምት (ከላይ እስከ ታች የሚመላለስበት ርቀት) በሁሉም 92 ነው። ቲአር2 ወደ 83 የጠበበው 1991 ሲሲ ሆኖ ከ2 ሊትር በታች ካለው የውድድር ምድብ እንዲገባ ነው።

ሲፈታ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ከካሚቻው ሥር ስምንት ቁጥር የመሰለ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አለ፤ አንዱ ለሁለት ሲሊንደር። መቀመጫው ላይ ዝገት ወይም አሮጌ ማስቲሽ ከቀረ ካሚቻው ዘንበል ይልና ውሃ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ይነጣል። አጽድተህ ካስቀመጥክ በኋላ ቀጥ ያለ ብረት አጋድመህ በፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ለካ፦ ካሚቻው ከሞኖብሎኩ ገጽ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ የቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን አይጨመቅም፣ ጭስ ወደ ራዲያተር ያልፋል። አራቱም ተቀራራቢ ይሁኑ። ቴስታታው ወርዶ ሳለ ደግሞ ካሚቻዎቹን በቡሎንና በሮንዴላ ሳትይዝ ኮሎውን (ፒስቶኖቹ የተያያዙበትን ዘንግ) እንዳታዞር፤ ፒስቶኑ ይዟቸው ይነሳል፣ የሥሩ ጓርኒሲዮን ያኔ አለቀለት።

መዋዋሱን በተመለከተ፣ የቲአር ሰዎች ባለ 87 ሚሊሜትር ካሚቻ ያስገባሉ፤ የፈርጉሰን 35 ትራክተር የቤንዚን ሞተርም ልኩ ያው ነው። የትራክተሩን ፒስቶን ግን አትንካ። የትራክተር መጭመቂያ (ነዳጅና አየሩ የሚጨመቅበት ልክ) ወደ 6 ለ 1 ነው፣ የቲአር2 8.5 ለ 1፤ ገብቶ ይሠራል፣ ጉልበት የለውም። ቴስታታው፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ካርቡራቶሩም ለየብቻ ናቸው። የትራክተሩ ኮፓ ወፍራም የፈሰሰ ብረት የሆነው ሞተሩ ራሱ ሻንሲ ስለሆነ ነው፤ የፊት አክሱን የሚሸከመው እሱ ነው። በ2000 ዙር አካባቢ ቀኑን ሙሉ ማረስ ሌላ፣ በ4800 ዙር 90 የፈረስ ጉልበት ማውጣት ሌላ። (ያ 90 አዳማ ከፍታ ላይ ወደ 75 ነው የሚወርደው፤ ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለ ደግሞ ካንዴላው ይጠቁራል።)

ላምቦርጊኒን ከዚህ ጋር አትቀላቅል። በ1963 መኪና የጀመረው ትራክተር ሠሪው ሰውዬ ራሱ ነው፣ ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር ግን ለመኪና ተብሎ ከባዶ የተነደፈ ነው።

አዳማ ዙሪያ «35 ፈርጉሰን አለኝ» የሚልህ ካለ ካሚቻ ከማዘዝህ በፊት ሲሊንደሩን ቁጠር። ሦስት ከሆነና ናፍጣ ከሆነ ሞተሩ የሌላ ኩባንያ፣ የፐርኪንስ ነው፤ ከዚህ ዘር አይደለም፣ አንድም ዕቃ አይገጥምህም።