ዛፍ ስር የሚተከል መድኃኒት፦ አፈሩ ውስጥ ምን አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ቦንጋ አካባቢ ነው፣ ከቤተሰብ የደረሰኝ ትንሽ የጫካ መሬት አለኝ፣ ኮረሪማ ልተክልበት ነው ያሰብኩት። አንዳንዱ ዛፉን ቁረጥና በማዳበሪያ ትከል ይለኛል፣ ሌላው ደሞ ያለ ጥላ አይሆንም ይላል። አንድ የግብርና ተማሪ ግን ነገሩ የጥላ ብቻ አይደለም፣ አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያና ፈንገሶችም ይለወጣሉ አለኝ። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከቦንጋ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ተማሪው እውነቱን ነው፣ ዛፉንም እባክህ አትንካው። ኮረሪማ ድሮም የደን ተክል ነው፣ ጥላና እርጥበት እንደሚወድ እናንተ አገር የማያውቅ የለም፣ ከመሬት በታች ያለውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቀዩ አፈራችሁ አሲዳማ ስለሆነ ፎስፈረስ የሚባለው የተክል ምግብ ቢኖረው እንኳ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሥሩ ብቻውን ብዙ አያገኝም። ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች ናቸው ከሥሩ ጋር ተቆራኝተው በጣም ቀጭን ክራቸውን ሥሩ እማይደርስበት ድረስ እየዘረጉ የሚያመጡለት፣ ተክሉ ደሞ በለውጡ ስኳር ይሰጣቸዋል። ደን ውስጥ ይሄ ነገር ተዘርግቶ ነው የሚጠብቅህ፣ በዛ ላይ እንደ ብርብራና ሰሳ ያሉ ዛፎች ሥራቸው ላይ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክል ምግብ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፣ የሚረግፈው ቅጠልም አፈሩ ውስጥ ያሉትን ሌሎቹን ባክቴሪያና ፈንገሶች ይመግባል። መሬቱን ደጋግመህ ከቆፈርከው ግን ክሩ ይበጣጠሳል፣ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ስታበዛም ተክሉ ፈንገሱን መመገብ ይቀንሳል።

ከሌላ አገር ምሳሌ ልስጥህ፦ ቻይና ዩናን ውስጥ ሳንቺ የሚባል የጂንሰንግ ዘመድ አለ፣ ሥሩ ለመድኃኒት ነው የሚፈለገው። ማሳ ላይ አንዴ ካመረቱት በኋላ እንደ ፉዛሪየም ያሉ ሥር የሚያበሰብሱ ፈንገሶች አፈሩ ውስጥ ስለሚከማቹ እዛው መሬት ላይ መልሶ መትከል ለብዙ ዓመት ያስቸግራል። ስለዚ ፓይን ዛፍ ስር ያለ ኬሚካል መትከል ጀመሩ፣ ምርቱ ከማሳው ያንሳል፣ እሱን መካድ አያስፈልግም፣ ግን እኔ ብሆን መሬቱ ለልጅ የሚተርፈውን ነው የምመርጠው።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ደን ነው ብለህ ከበሽታ ነፃ ነኝ እንዳትል። ዝንጅብል የኮረሪማ ዘመድ ነው አይደል፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ገደማ ደቡብ ውስጥ ባክቴሪያ አድርቅ በሚባለው ተክሉን አጠውልጎ በሚገድል በሽታ ስንቱ ገበሬ ማሳው ሙሉ በሙሉ ወደመበት፣ ባክቴሪያው በዘሩና በመሳሪያ ላይ በሚቀር አፈር ነው የሚጓዘው። ስለዚ ተክሉን ከማታውቀው ቦታ አትግዛ፣ ዝንጅብል ማሳ የገባ ዶማ ሳታጥብ ጫካው ውስጥ አታስገባ። የምትተክልበትን ጉድጓድ ብቻ ቆፍር፣ የረገፈውን ቅጠል አትጥረገው፣ ከስር የሚበቅሉትን የዛፍ ችግኞችም አትመንጥራቸው፣ ትልልቆቹ ሲያረጁ ጥላ የሚሆኑህ እነሱ ናቸው።