የጎረቤት ውሻ እንቅልፍ ለነሳሽ እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት እኔው ራሴ የጻፍኩት ነው የመሰለኝ። ላላነበቡት ላሳጥረው፦ አያት አካባቢ አዲስ ቤት ገብታችኋል፣ የ8 ወር ልጅ አለሽ፣ የጎረቤት ውሻ ቀን ከሌት ይጮኻል። ባለቤቶቹ ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ መናገሩ ከብዶሻል። ባልሽ ደግሞ "እንክሰሳቸው" ይላል።

እኔ የምኖረው ካራ ነው፣ ከኮተቤ አለፍ ብሎ። ከጎረቤቴ የሚለየኝ ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ውሻቸው ቦቢ ይባላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ቦቢ ግን ሳይበላም ይጮኽ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው። አንድ ሌሊት ብድግ ብዬ ቆርቆሮውን በዱላ ደበደብኩት። ቦቢ ዝም አለ። አሥር ሰከንድ ያህል። ከዚያ እስኪነጋ ጮኸ። በማግስቱ ወደ ጓሮ ስወጣ ገና ኮቴዬን ሲሰማ ጀመረ። ለካ ጠላቱ መሆኔን አስተምሬዋለሁ። "ዝም በል!" ብሎ መጮኽም ያው ነው፤ ለእሱ አብረሽው የጮኽሽለት ነው የሚመስለው። ደግሞ በእሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው። መንገደኛ ሲያይ ይጮኻል፣ መንገደኛው ያልፋል። ሰውየው ድሮም ሊያልፍ ነበር። ውሻው ግን እኔ ነኝ ያባረርኩት ይላል። በቀን ሃምሳ ጊዜ ያሸንፋል። እንዲህ የሚያዋጣ ሥራ ማን ይተዋል?

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። እንቅልፍ ባጣሁበት ጠዋት ጋሼን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ሰው ፊት "ውሻዎን ወይ ዝም ያሰኙት ወይ ያስወግዱት" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ምንም አላሉም። ሁለት ወር ሰላምታ ተቋረጠ። ሚስቴ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር ቡና መጠጣቷን ቀጠለች፤ እኔ ግን በበራቸው ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ወረዳም ሄጃለሁ። ያገኘሁት ሰውዬ ሰማኝና "በሽማግሌ ብትጨርሱት አይሻልም?" አለኝ። ያኔ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ልክ ነበር።

ከዚያ አንድ ደብተር አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩ። አሥር ቀን ሙሉ ሲጮኽ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ በስልኬም ቀዳሁት። አንቺም ዛሬ ማታ ጀምሪ፣ ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው። እኔ "ሁልጊዜ ይጮኻል" እል ነበር። ሁልጊዜ አልነበረም። ጠዋት 1 ሰዓት ተማሪዎች ሲያልፉ፣ ረፋድ ላይ "ቆራሌው!" ሲባል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተማሪዎቹ ሲመለሱ። (ለቆራሌው የተለየ ጥላቻ አለው፣ ምክንያቱን እስካሁን አላወቅንም።) ሌሊት ደግሞ ከ8 እስከ 9 ሰዓት። የሌሊቱ ጩኸት ከቀኑ ይለያል። ወፈር ያለ ነው፣ ቆም ብሎ ያዳምጥና እንደገና ይጀምራል።

ያስታረቀን ለቅሶ ነው። የሰፈራችን ሰው አርፈው ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ንፍሮ ሲዞር ጋሼ ዘገን አድርገው መዳፌ ላይ ጨመሩልኝ። አፈርኩ። ወጣ እንዳልን ለታክሲው ሰልፍ ይቅርታ ጠየቅኩና "ጋሼ፣ ሌሊት የቦቢ ጩኸት እርስዎን አይረብሽዎትም?" አልኳቸው።

"የቱ ጩኸት?"

ስልኬን ከፈትኩላቸው። ቀኝ ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ምንም። ወደ ግራ አዞሩት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ጨመርኩት። ዓይናቸው ፈጠጠ። "ይሄ የኛ ነው?" አሉ። ሠላሳ ዓመት ከሞተር ጋር የኖረ ጆሮ ነው። የሚተኙትም በወዲያኛው በኩል ነው። ለካ ንቀውኝ አልነበረም። አልሰሙም።

በማግስቱ ግቢያቸው ጠሩኝ። ቦቢ በር ላይ ታስሯል። ሰንሰለቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። መሬቱ እሱ በሚዞርበት ልክ ክብ ሆኖ ተልጧል። ውሃው የሚቀመጠው በባዶ የቀለም ጣሳ ነው፣ ጣሳውም ተገልብጧል። አንገቱ ላይ ፀጉሩ ተመልጧል። ከበሩ ስር አንድ ስንዝር ክፍተት አለ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሰው እግር ብቻ ነው። እኔ ብሆን እጮኻለሁ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ጋሼ "ቀን ካልታሰረ ሌሊት ኃይል አይኖረውም" ይላሉ፣ ብዙዎቻችንም ያደግነው ይህንን እየሰማን ነው።

ከበሩ ቋሚ እስከ ማድ ቤቱ ቋሚ አሥር ሜትር ያህል ወፍራም ሽቦ ከሰው ራስ በላይ ወጠርን። ሽቦው ላይ የብረት ቀለበት አስገብተን ሰንሰለቱን ከቀለበቱ ጋር አያያዝነው። አሁን ቦቢ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ ቀለበቱ አብሮት ይንሸራተታል። ቋሚው ላይ እንዳይጠመጠም ከሁለቱም ጫፍ ትንሽ መለስ ብለን ማገጃ አሰርንበት። የበሩን ስር በቁራጭ ቆርቆሮ ደፈንን። የቦቢን ቤት ከእኔ አጥር አርቀን ጥላ ስር አደረግነው። ምግቡን ከጠዋት ወደ ማታ አዞርነው። እኔ ከሥጋ ቤት አጥንት አመጣለሁ፤ አጥንት የሚግጥ ውሻ አይጮኽም፣ አፉ ሥራ ላይ ነዋ። ጥሬውን ብቻ፤ የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠቀ ይወጋዋል። የጋሼ የልጅ ልጅ ከትምህርት ሲመለስ በገመድ ይዞት ይዞራል። መጀመሪያ ሰሞን ልጁን የሚያዞረው ውሻው ነበር። ማታ 3 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ይፈታል።

በአንድ ቀን አልተለወጠም። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም ባሰበት። ወር ሳይሞላ ግን የቀኑ ጩኸት ከግማሽ በታች ወረደ። ቆራሌው እስካሁን ምሕረት አላገኘም።

የሌሊቱ ሌላ ነው። ጋሼን ብጠይቃቸው "አምና ሁለት በግ የበላብኝን ጅብ ማን ይጠብቅልኝ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ ጫካው ቅርብ ነው፣ ጅቡም የሚመጣው ለቆሻሻና ለአጥንት ነው። ሰው በግ ያርድና ትርፍራፊውን ከአጥር ውጭ ይጥላል። ሌሊት የሰፈር ውሻና ጅብ ይሻሙበታል፣ ከዚያ አንዱ ሲጮኽ ሁሉም ይቀበለዋል። ይህንን እድር ላይ አንስተን አጥንት ውጭ መጣል ቀረ ማለት ይቻላል። በ8 ሰዓት የሚጮኽበት ቀንም ያንኑ ያህል ቀነሰ። አሁንም አንዳንዴ ይጮኻል። ያኔ ጅብ አለ ማለት ነው፣ ገልበጥ ብዬ እተኛለሁ።

ከላይ አስተያየት ስትሰጡ "ሥጋ ላይ መርዝ አድርጊበት" ያላችሁ፣ ተዉ በናታችሁ። እኛ ሰፈር አንዱ ሞክሮታል። የሞተው የታሰበው ውሻ አልነበረም። አጥር ዘልሎ የገባ ሥጋ ማን እንደሚያነሳው አይታወቅም፣ እሷ ደግሞ ሊድህ የደረሰ ልጅ አላት። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚለቅ መሣሪያ ግዢ ላልካት ወንድሜም፣ ገዝቼ አይቼዋለሁ። የእኛ ጆሮ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ አይሰማም፣ የውሻ እስከ 45 ሺህ ይደርሳል። ነገሩ እውነት ነው፣ ግን እንዲህ ዓይነት ቀጭን ድምፅ አጥር አያልፍም። ከአጥሩ በላይ ሰቀልኩት። ቦቢ ሁለት ቀን ጆሮውን አቆመ። በሦስተኛው ቀን በመሣሪያው ላይም መጮኽ ጀመረ።

ስለ ክሱ፦ ባልሽ ሕግ የለውም አልልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ሽታና ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ውሻው አምልጦ እንኳ ጉዳት ቢያደርስ በቁጥር 2071 ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ግን ፍርድ ቤት ስትመላለሱ ልጁ እግር ያወጣል። መጀመሪያ ቡና ይዘሽ ግቢ። ስለ ጩኸቱ አትጀምሪ። "እማማ፣ ውሻችሁ ሌሊት እንዲህ የሚጮኸው ምን እያየ ይሆን?" በያቸው። የራሳቸው በር አደጋ ላይ ያለ ሲመስላቸው ይሰሙሻል። እምቢ ካሉ ሽማግሌ አለ፣ እድር አለ። ደብተርሽንና ቅጂሽን ያዢ።

እግረ መንገድሽን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተቡን ጠይቂ፣ በየዓመቱ ነው። የውሻ ድምፅ ድንገት ከጎረነነ ወይም ከተለወጠ፣ ለሃጩም ከበዛ አትቅረቡት፣ ለባለቤቱም ተናገሪ። ማንኛውም ውሻ ቢነክስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ "ነገ እናያለን" አይባልም።

አንድ ነገር አልነገርሽንም። ልጁ የሚተኛበት ክፍል ከእነሱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው? ከሆነ አልጋውን ዛሬውኑ ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዙሪው፣ ወደዚያ በሚያየው መስኮት ላይ ወፍራም መጋረጃ ስቀይ። እኛ ልጆቹን ወደ ሳሎን አዛውረን ነበር። ሽቦውን ስትወጥሩ ቀለበቱ እንዴት እንደሚገባ ካልገባችሁ ጻፊልኝ፣ የቦቢን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።