ጥያቄና መልስ፦ «አግብቼ ልገላገል»

ጥያቄ፦ ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ የሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ሕንዳዊ ጓደኛዬ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ለእኔ ብቻ ነግሮኛል። ቤተሰቦቹ ሚስት እየፈለጉለት ነው። እሱም «አግብቼ ልገላገል፤ ካልሆነ እፈታለሁ» ይላል። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚያስቀጣው ሕግ ተነሥቶ የለ እንዴ? ምን ልምከረው?

መልስ፦ የተነሣው እስራቱ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1860 ያወጡት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 377 ፈቅደው በሚገናኙ አዋቂዎች ላይ እንዳይሠራ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ወሰነ። በ2023 ግን ያው ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አልፈቅድም፣ ጉዳዩ የፓርላማ ነው አለ። ደግሞስ ቤተሰብ መቼ አንቀጽ ጠቅሶ ያውቃል? የሚያነሣው ተራ የምትጠብቀውን ታናሽ እህት፣ የአባትን የልብ ሕመምና የጎረቤትን አፍ ነው።

«ካልሆነ እፈታለሁ» ያለው ነገር ግን የዋዛ አይደለም። ሁለቱም ሂንዱ ከሆኑ የሚገዛቸው የ1955ቱ የጋብቻ ሕግ ነው። ከባድ ችግር ካልገጠመ በቀር በመጀመሪያው ዓመት የፍቺ አቤቱታ አይቀርብም። በስምምነት ለመፋታት አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖር፣ ከዚያ አቤቱታ አስገብቶ ስድስት ወር መጠበቅ አለ፤ ስድስቱን ወር ዳኛው ሊተወው ይችላል። ሚስቱ እምቢ ካለች ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል። ቀለብም ሊቆረጥበት ይችላል። ጥሎሽ (እዚያ የሚሰጠው የሙሽራዋ ወገን ነው) ከ1961 ጀምሮ የተከለከለ ቢሆንም በጓሮ በር ይገባል፤ ትዳሩ ሲፈርስ መካሰሻ ይሆናል። የሠርግ ወርቋም የራሷ ንብረት ስለሆነ መመለሱ ግድ ነው።

ከሁሉ የምትጎዳው እሷ ናት። ተታልዬ ነው ያገባሁት ብላ ጋብቻውን ለማፍረስ ያላት ጊዜ፣ ማታለሉን ካወቀችበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ካወቀች በኋላ ወድዳ እንደ ሚስት አብራው ከኖረች ያም ይቀርባታል። ሽማግሌዎች «ቻይው፣ ልጅ ሲመጣ ይስተካከላል» እያሉ ወሩን ሲገፉት መብቷ ያልፋል። ዝንባሌን መደበቅ ማታለል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ደግሞ ዳኛው ገና ይመዝነዋል።

ስለዚህ ነገሩ መቆም ያለበት ለጋብቻ የሚዘጋጀው ባዮዳታ ሳይበተን ነው። ቁመቱ፣ ደመወዙ፣ ካስቱ (በትውልድ የሚወረሰው መደብ) እና የተወለደባት ሰዓት የሰፈሩባት ያቺ ወረቀት አንዴ በአክስቶች እጅ ከገባች መመለሻ የላትም። ሳክርፑዳ የሚሉት ቀለበት ከታሰረ በኋላ ማፍረስ ደግሞ የሁለት ቤት ውርደት ተደርጎ ይቆጠራል። አላገባም ለማለት ምስጢሩን ማውጣት ግዴታው አይደለም፤ ሁለቱን ይለያያቸው። ምስጢሩን ለመንገር ካሰበ ግን መጀመሪያ የራሱ ደመወዝና ማደሪያ ይኑረው። ዘመድ በተሰበሰበበት በዲዋሊ በዓል ሰሞን አይሞክረው፤ ቤት ውስጥ ቃሏ ለሚሰማ አንዲት እህት ወይም አክስት ቢጀምር ይሻላል። ሐኪም ቤት ወስደን እናስቀይረው ካሉ፣ የሕንድ ብሔራዊ የሕክምና ኮሚሽን እንዲህ ያለውን «ሕክምና» በ2022 የሙያ ጥፋት ብሎታል። ሙምባይ ውስጥም ስዊካር የሚባል የወላጆች ማኅበር አለ። እናት ከልጇ ይልቅ የሌላ ልጅ እናት ስትነግራት ቶሎ ትሰማለች።

ጥያቄ፦ አብሮት የሚኖር ወዳጅ ቢኖረውስ? ይወርሰዋል?

መልስ፦ ያለ ኑዛዜ፣ አይወርሰውም። ሚስትና ልጅ የሌለው ሂንዱ ወንድ ሲሞት ቀዳሚዋ ወራሽ እናቱ ናት፤ አባት እንኳ ተራው ከእሷ በኋላ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2024 እንዲህ ያሉ ጥንዶች የጋራ የባንክ ሒሳብ መክፈት እንደማይከለከሉ አስታውቋል። ሆኖም በባንኩ ቅጽ ላይ በተረካቢነት መጻፍ ብቻውን አያስተማምንም፤ ተረካቢው ገንዘቡን ይቀበላል እንጂ ሕጋዊ ወራሾች ሊጠይቁት ይችላሉ። ኑዛዜ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል። ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ያስመዝግበው። ምስክሮቹ ከውርሱ የማይካፈሉ፣ በዕድሜም ከእሱ የሚያንሱ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤት ቀርበው ፊርማውን የሚያረጋግጡት እነሱ ናቸውና።