ሰርቨሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይሞታል ላልከው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው መብራት ጠፍቶ ነው ያልመለስኩልህ። ደሴ ላለ ፋርማሲ የሰራኸው ሲስተም 1 ጊጋ ራም ያለው ኡቡንቱ ቪኤም (ክላውድ ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽን) ላይ ነው፣ በሶስት በአራት ቀን አንዴ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ድርግም ይላል፣ ኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) አይገባም፣ ጠዋት ከዳሽቦርዱ ሪቡት ስታደርገው ይነሳል፣ ሎጉ ላይ ምንም የለም፣ ሃክ ተደርጌ ነው ወይስ ፕሮቫይደር ልቀይር ነው ያልከው። አብሽር፣ ሃክ አይመስለኝም። እኔም እዚህ ኮምቦልቻ ለአንድ የመለዋወጫ ጅምላ ሱቅ የሰራሁት ልክ እንደዚህ እያደረገ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል። (ስልክ ላይ ስለሆንኩ ኮማንዶቹንም በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው፣ ታገሱኝ)

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል፣ እኔ ሁለቱን ሳምንት የበላሁት እዚህ ላይ ስለሆነ። ክላውድ ላይ ሰርቨሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰራው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ እኛ ከሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በዛ ላይ የሀበሻ ሰዓት ሌላ 6 ሰዓት ይለያል፣ ባጭሩ ከሎጉ ሰዓት ላይ 3 ስትቀንስ የኛን ታገኛለህ። እኔ ሎጉ ላይ 09:00 እያየሁ "ሰላም ነው እኮ" እል ነበር፣ ለካ እሱ የኛ ቀን 6 ሰዓት ነው፣ ሱቁ ለምሳ ሲዘጋ 😂 ያንተ ሌሊት 9 ሎጉ ላይ 00:00 ነው። 00:00 ላይ ደግሞ የሚነሳው ማነው? ክሮን፣ ስራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስነሳው። ክሮንታብ (የክሮን የስራ ዝርዝር) ላይ "አት ዴይሊ" ተብሎ የተሰጠው ስራ ያኔ ነው የሚጀምረው። የኔው ሪፖርት የሚያወጣ ስክሪፕት ነበር፣ የሽያጭ ቴብሉን ጠቅላላ ራም ላይ ይዘረግፈዋል፣ ቴብሉ ትንሽ እያለ ምንም አላለም፣ ሲያድግ ነው ጉድ ያፈላው። ታዲያ ለምን በየቀኑ አይሞትም ካልክ፣ ራሙ አፋፍ ላይ ነው ያለው፣ አንዳንድ ቀን በትንሽ ይተርፋል አንዳንድ ቀን ይገፋል።

ሌላው፣ "ሞተ" ስትል ማን እንደሞተ ለይ። ቀጣዩ ጊዜ ሲጠፋ ሪቡቷን ከመጫንህ በፊት ፒንግ አድርገው (አለህ ወይ ብሎ መጠየቂያ ኮማንድ ነው)። ፒንግ እየመለሰ ኤስኤስኤች የማይገባ ከሆነ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በህይወት አለ፣ ሜሞሪ ፍለጋ እየዳከረ ነው። ስዋፕ (ራም ሲጠብ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) የሌለው ማሽን ራም ሲያልቅበት የፕሮግራሞቹን ኮድ ራሱን ከራም እያወጣ መልሶ ከዲስክ እያነበበ ይንፏቀቃል፣ ከውጪ ሲታይ የሞተ ነው የሚመስለው። (ፋየርዎልህ ፒንግ የሚዘጋ ከሆነ ይሄ ዘዴ አይሰራልህም)

ከዛ ከተነሳ በኋላ ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ቢ ሰረዝ አንድ በለው፣ ያለፈውን ቡት ሎግ ያወጣልሃል፣ መጨረሻው ላይ ሂድ። "አውት ኦፍ ሜሞሪ፣ ኪልድ ፕሮሰስ" የሚል ካለ ነገሩ አለቀ፣ ከርነሉ ራሱን ለማዳን ብዙ ራም የያዘውን መርጦ ገድሎታል፣ ብዙ ጊዜ ማይኤስኪውኤልን። እንደዛ የሚል ሳይኖር ሎጉ መሃል ላይ ቁርጥ ብሎ ከቀረ ግን ወይ ሜሞሪው ውስጥ ተዘፍቆ መጻፍም አቅቶት ነው ወይ ከርነል ፓኒክ (ከርነሉ ራሱ ተሰናክሎ መቆሙ) ነው። ፓኒክ ሲሆን ከርነሉ ዲስክ ላይ የሚጽፍበት ጊዜ የለውም፣ የመጨረሻ ቃሉን የምታገኘው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሲሪያል ኮንሶል (እንደ ማሽኑ ስክሪን ነው) ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ ሪቡት ሳታደርግ በፊት ስክሪንሹት አንሳው በናትህ።

ሜሞሪ ከሆነ (ወላሂ ነው) 2 ጊጋ ስዋፕ ፋይል ጨምርና ትንፋሽ ታገኛለህ። ግን ስዋፕ ማስታገሻ ነው። ዌብ ሰርቨርህ አፓቼ ሆኖ በፕሪፎርክ (ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ወርከር ፕሮሰስ በሚመድበው አሰራር) ከሆነ የምትሰራው ማክስ ሪኩዌስት ወርከርስ (በአንዴ የሚሰሩት ወርከሮች ጣሪያ) የሚለውን እየው፣ ኡቡንቱ ላይ ሳትነካው 150 ነው፣ አንዱ ወርከር 40 ሜጋ ቢይዝ 6 ጊጋ ማለት ነው፣ አንተ ያለህ 1! እኔ 12 ላይ አወረድኩት ማንም አላወቀም። ስክሪፕቱን ደግሞ በ500 በ500 መስመር እየቆረጠ እንዲያነብ አደረግኩት፣ ከዛ ወዲህ ሌሊት ደውሎ የቀሰቀሰኝ ሰው የለም።

ስዋፑን ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያያይዛቸው ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ ስትጽፍ ግን ተጠንቀቅ፣ እዛ ፋይል ላይ ዲስክ የሚያስነሳውን መስመር ብታበላሽ ማሽኑ ኢመርጀንሲ ሞድ ገብቶ ይቀመጣል። ተጨማሪ ዲስክ ካለህ በዩዩአይዲ (በዲስኩ መለያ) ጻፈው፣ ኖፌይልም (ዲስኩ ባይገኝም ተነሳ የሚለውን) ጨምርበት። ከመንካትህ በፊት ስናፕሾት (የዲስኩን ቅጂ) ያዝ።

አንዴ ደግሞ ዲስክ ሞልቶ እያለ አፕዴት አድርጌ አዲሱ ከርነል ኢኒትራምኤፍኤሱ (ሲነሳ ዋናውን ዲስክ ለመክፈት የሚጠቀምበት ፋይል) ሳይሰራለት ቀረና "ሩት ኤፍኤስ ማውንት ማድረግ አልቻልኩም" ብሎ ፓኒክ አደረገ። በሲሪያል ኮንሶል ግራብ (ከርነል የሚመረጥበት ማስነሻ ሜኑ) ገብቼ የድሮውን ከርነል መርጬ ነው ያነሳሁት። ኮንሶል የማይሰጥ ፕሮቫይደር ላይ ከሆንክ ዲስኩን ነቅለህ ሌላ ቪኤም ላይ ትሰካውና እዛ ታስተካክለዋለህ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 የክራውድስትራይክ (የሳይበር ደህንነት ድርጅት ነው) አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ዊንዶውስ ሲጥል ክላውድ ላይ ያሉትን ብዙዎቹን እንዲሁ ነው ያዳኗቸው፣ ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ ሰክተው አንዷን ፋይል አጥፍተው።

ፕሮቫይደር መቀየሩን ተወው። ችግሩ ከነሱ ማሽን ነው ብለህ ከጠረጠርክ መጀመሪያ ስቶፕ አድርገህ ስታርት በለው፣ አማዞን ላይ ለምሳሌ ሪቡት እዛው ሆስት (ቪኤሙን የተሸከመው ማሽን) ላይ ነው የሚያስነሳህ፣ ስቶፕ ስታርት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ሆስት ያዞርሃል። ቋሚ አይፒ ካልያዝክ ግን አይፒህ ይቀየራል፣ ፋርማሲው ጠዋት እንዳይጮህብህ።

አሁን ክሮንታብ ሰረዝ ኤል ብለህ 00:00 ላይ ምን እንዳለ እይና ከነጆርናሉ መጨረሻ 30 መስመር እዚህ ለጥፈው፣ ፓስወርድ ካለበት አጥፋው። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስለምመጣ ካልሆነልህ ላፕቶፑን ይዘህ ፒያሳ እንገናኛለን፣ ቡናው ባንተ ነው።