ስለ ደብረ ዳሞ ለጠየቃችሁኝ

ትግራይ ውስጥ አምባ ላይ ስላለው ጥንታዊ ገዳም፣ ስለ ደብረ ዳሞ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ እውነት በገመድ ብቻ ነው የሚወጣው?

አዎ። 15 ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ ገደል ነው። የተጎነጎነ ጠፍር ይዘህ ትወጣለህ። ሌላ ገመድ ወገብህ ላይ ይታሰርና መነኩሴው ከላይ ይስብሃል። ወደ ታች አለማየት ነው!

ጥያቄ፦ ለሴት ልዩ ፈቃድ የለም?

የለም እህቴ። ገዳሙ ላይ ሴት አትወጣም፤ እንስት እንስሳ እንኳ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ማን ሠራው? በእርግጥ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው?

በትውፊት ገዳሙን የመሠረቱት ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ፣ አቡነ አረጋዊ ናቸው። ዘንዶ ተሸክሞ አወጣቸው ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው የአክሱሙ ንጉሥ የካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ነው ይባላል። ግን ገዳሙና ዛሬ የቆመው ሕንፃ አንድ ዕድሜ አላቸው ማለት አይደለም። ሕንፃው ተደጋግሞ ታድሷል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ትልቅ ጥገና አድርጎለታል። ዕድሜው ላይ ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ።

ጥያቄ፦ «የዝንጀሮ ራስ» የሚሉት ምንድን ነው? ጌጥ ነው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ሥራ አለው። ግድግዳው ድንጋይ ተደርድሮ፣ ረጅም እንጨት ይጋደምበታል፤ ደግሞ ድንጋይ፣ ደግሞ እንጨት። ረጅሞቹን እንጨቶች በግድግዳው ውፍረት አቋርጠው የሚያስሩ አጫጭር ግንዶች አሉ። ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል። የዝንጀሮ ራስ እሱ ነው።

አሁን የአክሱምን ትልልቅ ሐውልቶች አስታውሱ። በር አላቸው፣ መስኮት አላቸው፣ ክብ ክብ ጉብታ በረድፍ አላቸው። ጉብታዎቹ የዝንጀሮ ራስ ናቸው፤ ግን ከድንጋይ የተቀረጹ፣ ምንም የማያስሩ። የአክሱም የእንጨት ሥራ ራሱ ጠፍቷል። ዳሞ ላይ ግን ያው አሠራር በእውነተኛ እንጨት ቆሞ ታየዋለህ። ላሊበላ ቤተ አማኑኤል ስትደርስ ደግሞ እንጨትና ድንጋይ የተደራረቡ ይመስላሉ፤ ብትነካው ሁሉም አንድ አለት ነው። እኔ መጀመሪያ ሳይ ተሸውጃለሁ።

ጥያቄ፦ ውስጡስ?

ቀና በል። ጣሪያው ላይ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመል የተቀረጸባቸው ጣውላዎች አሉ። ብዙ ሰው ሥዕሎቹን ብቻ አይቶ ይወጣል፤ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ነገሥታት ተደብቀውበታል?

ዐፄ ልብነ ድንግል ከግራኝ አሕመድ ጦር ሲሸሹ በ1540 እ.ኤ.አ. ሕይወታቸው ያለፈው እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ መነኮሳቱ ውሃ ከየት ያገኛሉ?

ከዝናብ። አምባው ላይ ከአለት የተፈለፈሉ ጉድጓዶች አሉ፤ ክረምት ይሞላሉ፣ በጋውን ይጠጣሉ።