የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰር ወይ?

ሰላም ወንድሜ። እንግሊዝ አገር ጋራዥህ ውስጥ ለምትገጣጥማት ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና «የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎቹን ሻንሲው ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ባስራቸው ይበቃል? በየስንት ሴንቲ ሜትሩ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይበቃም።

የፍሬን ቱቦ ከውጭ 4.75 ሚሊ ሜትር ቢሆንም የግድግዳው ውፍረት 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ውስጡ ያለው ግፊት ከ100 ባር ሊያልፍ ይችላል። ግፊቱን ይችለዋል፤ የማይችለው መፋተግን ነው። የፕላስቲክ ማሰሪያ መጀመሪያ ላይ ጥብቅ ይመስላል። ሙቀት ሲያገኘው ግን ይደርቃል፣ ይላላል፣ ከሥሩ አሸዋ ይገባበታል፤ ከዚያ በኋላ ቱቦው በተንቀጠቀጠ ቁጥር እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ጎማ የለበሰውን የብረት መያዣ፣ ፒ ክሊፕ የሚባለውን ተጠቀም። ልኩ ከቱቦው ጋር ይግጠም፤ ለፍሬኑ የ5፣ ለነዳጁ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቱቦ ደግሞ የ8። ሰፊ ክሊፕ ገዝቶ ትርፉን በፕላስተር መሙላት ችግሩን ማዘግየት ነው። ክሊፑ የሚታሰርበት ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ከማይላላ ዳዶ ጋር ይሁን፤ ዳዶ ማስገባት በማይቻልበት የሻንሲ ቱቦ ላይ 4.8 ሚሊ ሜትር ሪቬት ይሠራል። ቀጥ ባለው መንገድ ከአንዱ ክሊፕ እስከ ሌላው ከ30 ሴንቲ ሜትር አትለፍ። ከመታጠፊያና ከመገጣጠሚያ በፊትና በኋላ ግን በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አንድ አንድ ጨምር። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በሁለት ክሊፖች መሀል ቱቦውን በጣትህ ግፋው፤ ማንኛውንም ብረት ከነካ ክሊፕ ያንሰዋል። ላሜራ በስቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይልበስ።

መንገዱን ስትመርጥ ከሻንሲው ጎን ወይም ላይ ሂድ፤ ቱቦው የመኪናው ዝቅተኛ አካል እንዳይሆን። በወለሉ መሀል ባለው ዋሻ ካሳለፍከው ከትራስሚሽኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል ከሚወስደው ተሽከርካሪ ዘንግ) ርቆ ላይኛው ጥግ ላይ ይቀመጥ፤ ትራስሚሽን ተበጥሶ ሲዞር ያገኘውን ሁሉ ይገርፋልና መያዣ ቀለበት ቢሠራለት ጥሩ ነው። ነዳጁን በአንድ ጎን፣ የባትሪውን ወፍራም ገመድ በሌላው ጎን አሳልፍ፤ በአንድ ክሊፕ ፈጽሞ አትሰራቸው። ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር አርቃቸው፤ ካልተቻለ በመሀል የሙቀት መከላከያ ላሜራ አስገባ። ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቢሆንም እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎቱ ይታመቃል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል።

ስለ ቱቦው ዓይነት ባትጠይቅም ልንገርህ። ንጹህ መዳብ ለማጠፍ ቢመችም በንዝረት እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃል፤ መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበትን ግዛ። የቱቦውን ጫፍ የሚያስሩትን ዳዶዎች ደግሞ አንድ በአንድ ለያቸው። የ10 ሚሊ ሜትሩና የኢንቹ 3/8 በዓይን አይለዩም፤ ባለ ኢንቹ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ዞሮ የጠበቀ ይመስልና ጥርሱን ይጨርሳል። የቱቦው ጫፍ አከፋፈትም (በመሣሪያ ተገፍቶ የሚሰፋበት ቅርጽ) ከሚገባበት መቀመጫ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ ምንም ብታጠብቀው ያንጠባጥባል። ዳዶውን ቱቦው ላይ ሳያስገቡ ጫፉን መክፈት ደግሞ የሁሉም ጀማሪ ስህተት ነው።

ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ይወዛወዛል፤ ከሻንሲው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ በጎማ ቱቦ ይለፍ። ላዩ ላይ አር 9 (R9) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልግ፤ ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ እንግሊዝ አገር የተለመደው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ስላለበት ተራውን ጎማ ያደርቀዋል። የብረቱ ጫፍ ትንሽ እብጠት ይኑረው፣ ጎማው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ፣ ጎማውን የሚያስረው የብረት ቀለበት፣ ፋሸታውም ከእብጠቱ ኋላ ይጠበቅ። ሞተሩ ባለ ኢንጀክሽን (ነዳጅ በግፊት የሚረጭ) ከሆነ ጎማው 3 ባር ገደማ ስለሚሸከም ጎማውን የማይቆርጥ፣ ጠርዙ የታጠፈ ፋሸታ ያስፈልገዋል። በመንገደኞቹ ክፍል ውስጥ ምንም መገጣጠሚያ አይኑር።

የፊት ጎማዎቹን የፍሬን ላስቲክ ደግሞ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረህ፣ ጎማውን አንድ ጊዜ አንጠልጥለህ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ገፍተህ ወደ ላይ አንስተህ እየው፤ መወጠርም መጠምዘዝም የለበትም።

ከፍሬኑ ቱቦ ውስጥ አየሩን ካወጣህ በኋላ አንድ ሰው ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ አንድ ደቂቃ ያቆየው፤ አንተ በነጭ ሶፍት ሁሉንም ዳዶ ጥረግ። ለነዳጁም ሞተሩን ሳታስነሳ ፖምፓውን ብቻ አስነሳና እንዲሁ አድርግ። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰህ ከሥር ግባ፤ ቱቦው ላይ ያልነበረ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካየህ እዚያ ቦታ ላይ እየተፋተገ ነው፤ ቱቦውን ቀይረህ መንገዱን አስተካክል።