ቅንፍ ውስጥ ያለው የሮማን ቁጥር ብዛት አይደለም

እህቴ፣ «አይረን (ሦስት) ሰልፌት»ን ኤፍኢ₃ኤስኦ₄ ብለሽ ጽፈሽ ለምን ኤክስ እንደተደረገብሽ ጠይቀሻል። (ምልክቶቹን በአነባበባቸው ነው የምጽፋቸው።) ቅንፍ ውስጥ ያለውን ሦስት ወስደሽ አይረኑ ግርጌ ላይ ለጥፈሽዋል። ያ የሮማን ቁጥር ስንት አይረን እንዳለ አይናገርም፤ የአንዱን አይረን ቻርጅ (የሚይዘውን የኤሌክትሪክ ሙል፣ ፕላስ ወይም ማይነስ) ነው የሚናገረው፤ ፕላስ 3። ብዛቱን የምታገኚው ራስሽ ቻርጁን አመጣጥነሽ ነው።

ሰልፌት (ኤስኦ₄) ማይነስ 2 ነው። 3 እና 2 የሚገናኙት 6 ላይ ስለሆነ ሁለት አይረን (2×3) ከሦስት ሰልፌት (3×2) ጋር ይሄዳል፦ ኤፍኢ₂(ኤስኦ₄)₃። ቅንፉን ከረሳሽው ኤስኦ₄₃ ይሆንና 43 ኦክስጅን ተብሎ ይነበባል! ጽፈሽ ስትጨርሺ አቶሞቹን ቁጠሪ፦ 2 አይረን፣ 3 ሰልፈር፣ 12 ኦክስጅን። ድምሩ 17 ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስተሻል።

ቻርጁን አጣምሮ ማውረድ (የአንዱን ቻርጅ ቁጥር ሌላው ግርጌ ላይ መጻፍ፤ ክሪስ ክሮስ የሚባለው) እዚህ ላይ ያው መልስ ይሰጥሻል። ችግሩ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ሲካፈሉ ነው። ማንጋኒዝ (አራት) ኦክሳይድን ብታጣምሪ ኤምኤን₂ኦ₄ ይወጣል፤ ለ2 አካፍለሽ ኤምኤንኦ₂ ታደርጊዋለሽ። ይኸው ፎርሙላ ወደ ስም ሲመለስ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው፤ ኦክስጅኑ ግርጌ ያለችውን 2 አንስቶ «ማንጋኒዝ (ሁለት)» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ከፎርሙላ ወደ ስም ስትሄጂ ማጣመሩን ተይውና ከማይነሱ ጀምሪ፦ አንዱ ኦክሳይድ ማይነስ 2፣ ሁለቱ ማይነስ 4፣ ስለዚህ ብቻውን የቆመው ማንጋኒዝ የግድ ፕላስ 4 ነው።

«አካፍዪ» የሚለው ሕግ የማይሠራበት ቦታም አለ፤ ለምሳሌ ሜርኩሪ (አንድ)። ይህ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ብቻውን አይገኝም፤ ሁለት ሜርኩሪ ተያይዘው በጋራ ፕላስ 2 ይይዛሉ። ስለዚህ ክሎራይዱ ኤችጂ₂ሲኤል₂ ነው፤ ለ2 እንዳታካፍዪው።

ዚንክ (ፕላስ 2) እና ሲልቨር (ፕላስ 1) በትምህርታችሁ ደረጃ የሮማን ቁጥር ስለማይጻፍላቸው ቻርጃቸውን በቃልሽ ያዢ።

የድሮዎቹ ስሞችም ፈተና ላይ ብቅ ይላሉ። ለአይረን ፌረስ ፕላስ 2፣ ፌሪክ ፕላስ 3 ነው። ግን «መጨረሻው እንደ ፌረስ ከሆነ 2 ነው» ብለሽ አትሸምድጂ፤ ለኮፐር (መዳብ) ኩፕረስ 1፣ ኩፕሪክ 2 ነውና። እንደ ፌረስና ኩፕረስ ያለው መጨረሻ የሚያመለክተው ከሁለቱ ቻርጆች አነስተኛውን ነው። ለደም ማነስ በሚሰጠው ኪኒን ማሸጊያ ላይ «ፌረስ ሰልፌት» የሚል ስታዪ እዚያው ሞክሪው፦ ፕላስ 2 ከማይነስ 2 ጋር፣ አንድ ለአንድ፣ ኤፍኢኤስኦ₄።